ሦስት ሳምንት የፈጀው የ«ፔሪሸብል» ጥናት

በአብዮቱ ዘመን አሰበ ተፈሪ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ታላቅ ምርምር ተካሂዶ ነበር። የተመረመረው አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። አትሳቁ ልጆቼ፤ ለአንዲት ቃል ያን ያህል ሰው ደክሞ አያውቅም።

የኩፍኝ ክትባት በበረዶ ታሽጎ በሳጥን መጣ። የጤና ረዳቷ ጣሂራ በጋዝ የሚሠራውን ፍሪጅ አቀዝቅዛ ስትጠብቅ ሰንብታለች፤ ቦርደዴ አካባቢ ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናት በትኩሳት ይነዱ ነበር። ሳጥኑ ግን ክሊኒኩ አልደረሰም። ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም «ፔሪሸብል» የሚል ባዕድ ቃል ስለተገኘ፣ ለጥንቃቄ ሲባል የጽሕፈት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት።

«ጓድ ዘገየ፣ በረዶው እየቀለጠ ነው» አለች ጣሂራ ለጽሕፈት ቤቱ ሊቀ መንበር።

«ጓድ ጣሂራ፣ ትርጉሙን ባላጣራነው ቃል የሕዝባችንን ክንድ አናስወጋም!»

ወዲያው ሦስት ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ፦ የትርጉም፣ የአመጣጥ እና የአጠቃቀም። የእንግሊዝኛ አስተማሪው አያና ተጠራ።

«ቶሎ የሚበላሽ ማለት ነው» ብሎ ሊቀመጥ ሲል ሊቀ መንበሩ አስቆመው፦

«ቁም! እሱ የትርጉም ንዑስ ኮሚቴ ሥራ ነው። አንተ የተመደብከው አመጣጥ ላይ ነው። ከየት መጣ?»

«ከላቲን። ጠፍቶ መቅረት እንደ ማለት ነው።»

«ላቲኖች ከማን ወገን ናቸው?»

«ቋንቋ ነው፣ ጓድ። ዛሬ ተናጋሪ የለውም፤ ሞቷል።»

ሊቀ መንበሩ እፎይ አለ። «ባለቤቶቹ ካለቁ ታዲያ እኛን ምን ያስቸኩለናል?»

ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ስብሰባውም ለሳምንት ተቀጠረ።

ጣሂራ እንባዋን እየዋጠች ወጥታ የጫት ነጋዴዋ የአዴ ኩብራ ደጅ ላይ ቁጭ አለች። አዴ ኩብራ ከእንግሊዝ ፊደል ጋር ተዋውቀው አያውቁም፤ ጫታቸውን በእርጥብ ኮባ እየጠቀለሉ ነበር።

«ምን ሆንሽ፣ ኢንታለኮ፣ ልጄ?»

ነገረቻቸው።

«ወላሂ ለዚህ ነው የተሰበሰቡት? ጠዋት የተቆረጠ ጫት ማታ ምን እንደሚሆን አያውቁም? ይልቅ መጋዘኑን ማነው የሚጠብቀው?»

«በድሪ።»

«ደንበኛዬ ነዋ!» አሉና አንድ ዙርባ ጫት በብብታቸው ይዘው ተነሡ።

ኮሚቴው ምሳ ላይ ሳለ ክትባቱ ከነተረፈው በረዶ በኮባ ተጠቅልሎ፣ በጫት ጆንያ ተጭኖ ፍሪጁ ውስጥ ገባ። ሳጥኑ ቀለለ እንዳይባል አዴ ኩብራ በምርጥ የበደሳ ጫት ጠቅጥቀው ሞሉት፤ በድሪም ጉንጩን እንደወጠረ ክዳኑን መልሶ አሸገ።

«ቢደርሱበትስ፣ አዴ? ያስሩኛል እኮ!» አለች ጣሂራ።

«እስኪደርሱበት ልጆቹን ወግተሽ ጨርሺ።»

ጣሂራ ሳምንቱን ሙሉ እስከ ቦርደዴ ድረስ እየዞረች ወጋች። የሊቀ መንበሩ ልጅ ሳትቀር ተወግታ ክንዷን ይዛ እያለቀሰች ቤቷ ገባች። አባቷ አላያትም። የአጠቃቀም ንዑስ ኮሚቴን እየመራ፣ ቅጽሉ ለአድኃሪ ንብረት ብቻ ያገለግላል ወይስ የሰፊውን ሕዝብ ንብረትም ይጨምራል በሚለው ላይ ሦስተኛ ቀኑን ይከራከር ነበር።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ሕዝቡ ተጠርቶ የአርባ ገጽ ሪፖርት ተነበበለት። ማጠቃለያው፣ «ፔሪሸብል የተባለ ዕቃ ሁሉ በትዕግሥትና ያለ ጥድፊያ መያዝ ይኖርበታል» ይላል። ከዚያ ሳጥኑ በክብር ቀረበ። ለጣሂራ የእስር ቤቱ በር ታያት።

ጓድ ዘገየ ክዳኑን ከፍቶ እጁን ሰደደ። የጠቆረና የሻገተ ቅጠል በጣቶቹ መሃል እየተንኮታኮተ ወረደ። አንዷን ቀንበጥ ብድግ አደረገ፣ አሸተታት፣ ዞር አድርጎ አያት። ክትባቱ ትዝም አላለው። ዐይኑ ግን እንባ አቀረረ።

«የበደሳ ነው...» አለ። «ወገኖቼ፣ ይሄ በመጣበት ዕለት ሳይከፈት የቀረው በማን ጥፋት ነው? ቃሉ'ኮ ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል!»