መልአከ ፋይበር ዘረሰናይ

በየሰፈሩ፣ ደኅናውን ነገር ካላሻሻለ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ሰዉ ገና ገብቶ አላለቀም ማለት ነው። በትክክል የሚዘጋ በር ሲያይ ለምን ወደ ውጭ አይከፈትም ይላል። ጣሪያው የማያፈስ ቤት ሲያይ መሰላል ይጠይቃል። ሚስቱ ትመክረዋለች፣ ጎረቤት ይመክረዋል፣ እሱ ግን ምክሩንም እንዴት አሻሽለን ልንነግረው እንደሚገባ ያስረዳናል።

ወልድያ ላይ ለኛ ሰፈር የደረሰን መልአከ ፋይበር ዘረሰናይ ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን፤ ለቀልድ ነበር። እሱ ግን በሙሉ ልብ ተቀበለው፤ አሁን በደፈናው "ዘረሰናይ" ብለህ ብትጠራው ትንሽ ቅር ይለዋል። አባቱ አቶ ተወልደብርሃን ለንግድ ከትግራይ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሱ ተወልዶ ያደገው፣ ያገባው፣ ወፍጮ ቤት የከፈተው እዚሁ ነው። ወፍጮውን ጠዋት ያስነሳና ለሠራተኛ ትቶት ወደ እውነተኛ ሥራው ይመለሳል። እውነተኛ ሥራው ዲኤክስ ናት።

ዲኤክሷ ከኛ ከብዙዎቻችን ትዳር ዕድሜ የምትበልጥ፣ ክፉ ያልተናገረች መኪና ነበረች። አንድ ቀን ዘረሰናይ ደሴ ሄዶ ከልኳ በላይ የሆነ ሰፊ ጎማ ገዝቶላት መጣ። ሲገጥመው ጎማው ከቦዲው ውጭ ወጣ፤ በዝናብ ስትሄድ የአስፋልቱን ጭቃ ሁሉ እስከ ጣሪያዋ ትረጨዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን ጎማውን ይመልሳል። መልአከ ፋይበር መኪናዋን በጎማው ልክ ሊያሰፋት ቆረጠ።

"ፋብሪካ ምን ያውቃል!" አለኝ፣ እኔ ፋብሪካውን ወክዬ የመጣሁ ይመስል። "ፋብሪካ ወልድያን አይቷታል? የክረምቷን ጭቃ አይቷል?"

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ፣ ቤት እንደሚመርግ ሰው፣ ጭድ ያለበት ጭቃ ይለጥፍና ወደ ውጭ እያሰፋ ቅርጽ ያወጣለታል። ጭቃው ሲደርቅ ሰም ይቀባዋል። በላዩ ፋይበር ግላስ የሚባለውን የመስታወት ጨርቅ ያለብሳል፤ ሬዚን የሚሉትን ማር የመሰለ ፈሳሽ ከማድረቂያው ጋር በጥብጦ በብሩሽ ያጠጣዋል። ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ ማላቀቅ፣ መሞረድ፣ ስቱኮ መቀባት፣ እንደገና መሞረድ ነው። ከጎማው በላይ ተገትሮ ስለሚቀር እኛ ቅንድብ እንለዋለን። ዲኤክሷ አራት ቅንድብ ያስፈልጋታል። ስንት እንደሠራላት አላህ ነው የሚያውቀው፤ አንዱ ሲያልቅ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፣ እሱን ለማመሳሰል ሌላው ይፈርሳል።

የሚያላቅቀው ሰሙ ነው። ሰም ከሌለ ሁሉም ነገር ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ዓመት በሕማማት ሳምንት ሰም አለቀበት። ጾመኛ ሰው ነው፣ ቤቱ ውስጥ ግን ሚስቱ ሉላ ለፋሲካ ያነጠረችው ቅቤ ተቀምጧል። አሰበና "ቅቤም ያንሸራትታል" ብሎ ደመደመ። የግራውን የፊት ፓራፋንጎ በፋሲካ ቅቤ ቀብቶ በላዩ ፋይበር አለበሰ። ፀሐይ ወጣች፣ ቅቤው ቀልጦ ወረደ፣ ቅንድቡ ከመኪናዋ ጋር እስከ ዛሬ ላይፋታ ተጋባ። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ጎማዋ ሥር ሰፈረ። ሉላ የዚያን ዓመት ዶሮ በዘይት ሠራች። እኔ ከዚያ ዶሮ ጥይት ይሻላል እላለሁ።

እኔስ? እኔ ግድግዳ የምጋራው ጎረቤቱ ነኝ። ሽታውን እንደ አየር ሁኔታ ለምጄዋለሁ። ግን የኢዱን ነገር አልረሳውም። ነጭ ጀለቢያዬ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ እሱ ከግድግዳው ወዲያ ቅንድብ ይሞርዳል። የመስታወት ብናኝ እንደ እሾህ መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ኢድ ሰላት ላይ፣ በሰው ሁሉ መሐል ተሰልፌ ነው። አንገቴ ነደደ፣ ጀርባዬ ነደደ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ሰላቱ ሲያልቅ እጄን ይዘው "አላህ ይቀበልህ ጁነይድ፣ እንዲህ ያለ ኹሹዕ፣ እንዲህ ያለ ተመስጦ ድሮ ነበር" አሉኝ። አሚን አልኩ፤ ምን ልበል?

ጦርነቱ መጥቶ ከተማችን ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ ሁሉም ያለውን ደበቀ። እኛ ዱቄት ቀበርን፣ ወርቅ ያለው ወርቁን ቀበረ። መልአከ ፋይበር የሬዚን ጣሳዎቹን ቀበረ። የዲኤክሷን ጎማዎች ነቅሎ በድንጋይ ላይ አስቀመጣትና ኮፈኗ ላይ ዶሮ አሰፈረ። መኪና የሚፈልጉ ታጣቂዎች በሩን ከፍተው አዩዋትና "ይቺማ ሞታለች" ብለው ሄዱ። ሌላ ሰው መኪናዬ ተረፈች ብሎ ስለት ያገባል። እሱ "ሞታለች" መባሏን ሊረሳላቸው አልቻለም።

ያ አለፈ አልን። ነሐሴ 2014 ላይ ግን በቆቦ በኩል ተኩሱ እንደገና ተነሳ። ከተማው በጥርጣሬ ታመሰ፤ በዚያ ሰሞን እንደ ዘረሰናይ ያለ ስም የያዘ ሰው መታወቂያውን ካሳየ በኋላ ሌላም ጥያቄ ይጠየቅ ነበር። የተወሰደ ሰው ሁሉ ቶሎ አይመለስም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያወራውም። እሱ ምን አደረገ? ጣሳዎቹን ቆፍሮ አወጣና የቀኙን የኋላ ቅንድብ ጀመረ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሌላ ሰፈር የተመደቡ ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆሙ። እዚያ ግቢ የሆነ ነገር ይቀመማል ብሎ የነገራቸው አለ። እኛም ወጥተን ግቢው ውስጥ ገባን። አለቃቸው ይርጋ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው። ያየውን እናንተም ብታዩት ትደነግጣላችሁ፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ጎባጣ ነገር፣ ያልታወቀ ፈሳሽ፣ ጓንት ያደረገ ሰው። ዘረሰናይ በሰዎቹ ደንግጦ ማድረቂያውን አብዝቶት ኖሮ፣ የበጠበጠበት ጣሳ ማንም ሳይነካው መጨስ ጀመረ።

ጠባቂዎቹ መሬት ላይ ተኙ። እኛም ተኛን። ቆሞ የቀረው መልአከ ፋይበር ብቻ ነው።

"አይዟችሁ፣ አይፈነዳም" አለ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ማስረዳት ሲጀምር ግን ማቆም አያውቅም። "ማድረቂያው ሲበዛ በራሱ ይግላል። በጣም ከበዛ ደግሞ በራሱ ይነድዳል። መጠኑን ማወቅ ነው ጥበቡ።"

ይርጋ አቧራውን እያራገፈ ተነሳ። "መታወቂያ!" አለው። ተቀበለው፣ ስሙን አነበበ፣ የአባቱን ስም አነበበ፣ ፊቱ ተለወጠ። "ይህን ነገር ለማን ነው የምትሠራው?"

"ለዲኤክሷ።"

"ትቀልዳለህ? በል፣ ትሄዳለህ ከኛ ጋር። የሚያውቅህ ሰው አለ?"

ሉላ የበሩን መቃን ያዘች። ጥሩ ሰው ነው ልበል? ጥሩ ሰው ነው የማይባል ማን አለ? እንዲያውም በዚያ ሰሞን ጥሩ ሰው ነው ያለውም አብሮ ይጠየቃል። ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

"እኔ አውቀዋለሁ!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ከማዶ ያሉት እማማ ከድጃ ናቸው። በምርኩዛቸው ሰዉን ገፍተው ፊት ወጡ። "እኔ አውቀዋለሁ፣ አላህ ይይለትና! ይኸው ስንት ዓመቴ፣ በዚህ ሽታ ራሴን አዙሮኝ! ምስሬን ፀሐይ ላይ አስጥቼ አላውቅ፣ ብናኙ! የልጄ ሰርግ ለት እንኳ ዳሱ ሥር ሲሞርድ ነበር። ይህን ሰው ካልወሰዳችሁልኝ..."

ሊያስወስዱት ነው አልኩ። ይርጋ ግን ሌላ ነገር ሰምቶ ነበር። "ስንት ዓመት አሉ እማማ? ይህን ነገር ከጥንትም ይሠራዋል?"

"ወላሂ፣ ጦርነት ሚባል ሳይኖር! ሌላ ምን ያውቃል እሱ?"

ያኔ ገባኝ፤ የሚያተርፈው ስሞታችን ነው። እኔም ቀረብኩ፤ የኢዱን ጀለቢያ ከነማሳከኩ አንድ በአንድ ተናገርኩ። አንዱ ጠባቂ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ፋንቱ የምትባለው ልብስ ሰፊ መጣችና መቀሷን ተውሶ የመስታወት ጨርቅ ቆርጦበት እንዳደነዘው ከሰሰች። በመጨረሻ ሉላ መቃኑን ለቀቀች።

"የፋሲካ ቅቤዬን" አለች ጮክ ብላ፤ ከንዴት ይሁን ከፍርሃት አላወቅሁም። "የፋሲካ ቅቤዬን ለመኪና ቀባው! ኑ፣ እዩት፣ ያው ተጣብቆ!" ይርጋን በክንዱ ይዛ ወደ ዲኤክሷ ወሰደችው። ይርጋ ጎንበስ ብሎ ቅንድቡን ነካካው፣ ሳበው። አልነቃነቅ አለ።

"እና እንዲህ ሲያንገበግባችሁ እስከ ዛሬ ለምን አልከሰሳችሁትም?" አለ።

እማማ ከድጃ ተቆጡ። "የኛ ነዋ! የራስን ሰው ማን ይከሳል?"

ይርጋ መታወቂያውን መለሰለት። "ጋሼ" አለው አሁን፣ "በዚህ ሰሞን ጭስ የሚያወጣ ነገር አይሥሩ።" ጠባቂዎቹ ሲወጡ እማማ ከድጃ የዘረሰናይን ትከሻ መታ አድርገው "አብሽር ልጄ" አሉትና ወደ ቤታቸው ገቡ።

የሚያስቀው ታሪክ እዚህ ያበቃል። ዘረሰናይ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ዘጋ። ሞረድ የለም፣ ሽታ የለም። ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ ስንመኘው የኖርነው ጸጥታ መጥቶ ማናችንም አልወደድነውም። እማማ ከድጃ ምስር አሰጡና ቶሎ አነሱት። ሉላ ወፍጮውን ሊያከራዩ፣ ዲኤክሷን ሊሸጡ፣ አዲስ አበባ ወንድሙ ጋ ሊሄዱ እንደሆነ በለሆሳስ ነገረችን።

ልጠይቀው ሄድኩ። ዲኤክሷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። "አተረፋችሁኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ" አለኝ። "ግን አንድ ነገር ንገረኝ ጁነይድ። እዚሁ የተወለደ ሰው ምስክር ያስፈልገዋል?"

የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

እኔ ሰማያዊ ባጃጅ አለችኝ፤ የምተዳደረው በሷ ነው። በማግስቱ ከግቢዬ ጀርባ ወሰድኳትና ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ ደህና ክብደት ያለው ድንጋይ መርጬ የግራውን የኋላ ፓራፋንጎዋን መታሁት። አንዴ አልበቃም። ደጋገምኩት። ጨርመት ሲል ልቤ አብሮ ጨርመት አለ። ከዚያ እየነዳሁ በሩ ላይ አቆምኳት።

"ገጩኝ" አልኩት።

"ማን?"

"መኪና ነዋ።"

"ምን ዓይነት መኪና?"

"አላየሁትም፣ አምልጧል።"

ሳይወድ ተነስቶ መጣ። ተንበርክኮ በጣቱ ዳሰሰው፤ ፊቱ ላይ የቆየው ጨለማ ትንሽ ገለል ሲል አየሁ። "መኪና ሲገጭ ቀለሙን ትቶ ነው የሚሄድ" አለ። "ይህ ቀለም የለውም። ደግሞ የተመታው ከላይ ወደ ታች ነው። ከሰማይ ነው የወረደው መኪናህ?" ጣቱን አሸት አሸት አድርጎ አሳየኝ። የድንጋይ ዱቄት ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። መዋሸት ደከመኝ። "አትሂድብን" አልኩት።

ተነስቶ ባጃጇን ዞረና በቀኝ በኩል ቆሞ ያልተነካውን ፓራፋንጎ ለረጅም ጊዜ አስተዋለው። አንገቱን ወዲህና ወዲያ ዘንበል አደረገ።

"ይህን ለምን ተውከው?" አለኝ።

"እሱ ምን አደረገ?"

"ግራውን ብቻ ሠርቼ ቀኙ እንዲህ ሊቀር ነው? በየት አገር ነው የሚመሳሰለው?"

ወደ ውስጥ ገብቶ መዶሻ ይዞ ወጣ። እጄ ላይ አኖረልኝና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ "በል ምታ" አለኝ።