ፎቶዬ እኔን አልመስል ብሎ ከምዝገባ ተመለስኩ

ዛሬ የገዛ ፎቶዬ በሰው ፊት ካደኝ! ቁጭ በሉና ስሙኝ።

አሶሳ፣ ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ተሰልፈናል። የመጨረሻው ቀን ነው። ተራዬ ደረሰና ጉርድ ፎቶዬን ሰጠሁ።

መዝጋቢው ፎቶውን አየ። እኔን አየ። እንደገና ፎቶውን አየ።

"እህቴ፣ የሰው ፎቶ ነው የሰጠሽኝ።"

"የኔ ነው!"

"ባለቤቷን ጥሪልኝ።"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በፊልተር የተነሳሁት ነው። ቀይ አድርጎኛል። አፍንጫዬን አቅጥኖታል። ጉንጬን ሳይቀር ወስዶታል!

ምን ላድርግ? እንግዳ ቤታችን በገባ ቁጥር "መልኳስ ደህና ነበር፣ ትንሽ ቀላ ብትል" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እናቴም "ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ትጠቁሪያለሽ" ትለኛለች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ፎቶ መነሳት አቆምኩ። ፊልተር ሲመጣ ደግሞ ያለ እሱ መነሳት አቆምኩ።

እያለቀስኩ ለእናቴ ደወልኩ። ገበያ ውስጥ ያለች ሱቋን ዘግታ መጣች። ፎቶውን ተቀብላ ከፊቴ ጋር አስተያየችው።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር!

እኛ ቤት የሚወራው የበርታ ቋንቋ ነው። አማርኛዋ እንደ ነገሩ ነው። ግን ለመዝጋቢው በአማርኛ ነገረችው።

"ይሄ ልጅ የኔ አይደለም። የኔ ልጅ የእናቴ አፍንጫ አለው። እናቴ ሞተ፣ ፎቶ የለውም። እኔ እናቴን የማየው እዚህ ነው።"

ጣቷን አፍንጫዬ ላይ አደረገች።

የሳቀ ሰው አልነበረም።

መዝጋቢው ሌላ ፎቶ ይዤ እስክመለስ ሊጠብቀኝ ተስማማ። ፎቶ ቤት ሮጥን። ፎቶ አንሺው አንስቶኝ ሲያበቃ ኮምፒውተሩን እያየ "ትንሽ ላጽዳው?" አለኝ።

ላጽዳው! ፊቴ ጭቃ ነው እንዴ?

እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በበርታ፣ "ፀሐይ ላይ አትቁሚ ስልሽ የኖርኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ለፎቶ አንሺው ግን "እንዳለ አትመው" አልኩት።

ተመዘገብኩ፣ አልሐምዱሊላህ።

ጀግና ሆነች እንዳትሉኝ! አዲሱን ፎቶ አሁን እዚህ ልለጥፍላችሁ ስል ጣቴ ሳላዘው ፊልተሩን ሲፈልግ ያዝኩት።

ለመሆኑ እናንተስ፣ ፊታችሁን ሳትፈሩ ለማየት ስንት ዓመት ፈጀባችሁ?