በእኔ የተለካ የእሷ ቀሚስ

ቀጭን ሰው አይታመንም! በተለይ ትናንት ወፍራም የነበረ ቀጭን... እሱንስ ከሩቁ ሽሹት። ቀጭኗ አንባቢዬ ሆይ፣ አትቀየሚኝ፤ ጨርሰሽ ስሚኝና ያኔ ትፈርጃለሽ።

አንዲት ዘፋኝ ነበረችን። «ነበረችን» ስል ሞታ አይደለም፤ ከስታ ነው። በቴሌቪዥን ቀርባ «ውፍረቴ ጌጤ ነው፣ ያልወደደ ዓይኑን ይጨፍን!» ያለች ዕለት ሐረር ፈላና በር አካባቢ ያለን ወፍራሞች በሙሉ እልል አልን። እኔማ ፎቶዋን ፍሪጁ በር ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ አብዲ «አቦ፣ እራት ላይ ትንሽ ቀነስ ብታደርጊስ?» ባለኝ ቁጥር ወደ ፎቶው መጠቆም ነው። እንዲህ ያለ ጠበቃ ከየት ይገኛል?

ታዲያ ይህች ሴት ሰርግ ላይ ልትዘፍን ሐረር ትመጣለች ተባለ። በሰርግም በለቅሶም አብረን የምንቆም የአፎቻችን ሴቶች የሐረሪ ቀሚስ ልናለብሳት ተስማማን፤ ያንን በአንድ ፊቱ ጥቁር፣ ሲገለበጥ ቀይ የሆነውን የእናቶቻችንን ቀሚስ። ግን ልኳን ማን ያውቃል? የአፎቻው መሪ አዴ ፋጡማ ዙሪያውን ቃኙና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ያቻትና! ቁርጥ እሷን!»

ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። የስፌት መኪና ሲንጫጫ ወደሚውልበት ወደ መኪና ግርግር ሄጄ፣ ልብስ ሰፊው አው ዩሱፍ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«ልጄ፣ እስቲ ትንፋሽሽን ያዝ አድርጊ» አሉኝ።

«አልይዝም አው ዩሱፍ! የእሷ ልክ ነው!»

«ማሻአላህ» አሉና ሌላ ሜትር ቀጠሉበት።

የሰርጉ ዕለት ቀሚሱን ታቅፌ በር ላይ ቆምኩ፤ አብዲም ከጎኔ። ከመኪና አንዲት ሰንበሌጥ የመሰለች ልጅ ወረደች። ሻንጣ ያዥዋ መሰለችኝ።

«እህቴ፣ ዘፋኟ የት አለች?»

«እኔ ነኝ።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው! አብዲን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ፤ ሳቁን አፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ከፋኝ። ከእንግዲህ ማን ይከራከርልኛል?

የተሰፋ ተሰፍቷልና አለበስናት። ጠፋች! አዴ ፋጡማ ግን ተስፋ አልቆረጡም። «ገልብጡት፣ በቀዩ ይሞከር!» አሉ። በቀዩም ያው ጠፋች።

እኔ በሐፍረት መሬት ስቆፍር፣ ከቀሚሱ ውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ማን ላይ ነው የተለካው?»

«እኔ ላይ...»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ታድለሽ!» አለች፤ ከልቧ ነው። ዓይኗ ግን ከኋላዬ ካለው የጣፋጭ ትሪ አልነቀል ብሏል። «ያ... ሐሉዋ ነው?»

«ነው።»

«ሰው ያየኛል እንዴ?»

«እዚህ ቀሚስ ውስጥ? ማን ያገኝሻል!»

ሐሉዋው በሰፊው እጅጌ ገባ፤ ሌላም ገባ። አንዱንም ሲወጣ አላየሁትም። ስትሰናበተን ቀሚሱን አጣጥፋ መልሳ እጄ ላይ አኖረችው።

«ይዘሽልኝ ቆዪ። አደራ፣ እንዳታስጠብቢው!»

እንግዲህ እኔ በዚህ ዓለም ያልበላሁት የለም፤ አደራ ግን አልበላም። ቀሚሱን እንዳይበላሽባት አልፎ አልፎ እየለበስኩ እጠብቅላታለሁ። የሰርጉ ዕለት ማታ ግን አብዲ ድል አደረግሁ ብሎ ፎቶውን ሊያወርድ ወደ ፍሪጁ ተጠጋ።

«ተዋት አብዲ» አልኩት እራት የበላሁበትን እጄን ሳልታጠብ፣ «ትመለሳለች!»