ጋሼ መኩሪያ ሳንቲሞቻቸውን እንዴት እንደሸጡ

እኛ ዳላስና አካባቢዋ የምንኖር አበሾች፣ አንድን ነገር አንዴ የሠራ ሰው ካገኘን ባለሙያ ብለን ለመሾም ጊዜ አይፈጅብንም። አንዴ ቤት የገዛ ሰው ከዚያ ወዲያ ቤት ለሚገዛ ሁሉ አማካሪ ነው። ከልክ በላይ ፈጥኖ በመንዳት ተከሶ ቅጣት የተነሣለትም፣ ፋይሉ የተዘጋው ከሳሹ ፖሊስ ስለቀረ መሆኑ ይረሳና ጠበቃ ይሆናል፤ ስልኩም አያርፍም። ሰውየው ራሱ "አውቃለሁ" ብሎ አይደለም፤ የምንሾመው እኛ ነን። "እሱን ጠይቁት፣ ያውቃል" እንላለን። ደጋግመን ስንለው እሱም ማመን ይጀምራል።

እኔ የተሾምኩት በሶፋ ነው። ቤት ስንቀይር አሮጌ ሶፋችንን ፎቶ አንሥቼ ኢንተርኔት ላይ ብለጥፈው፣ በማግስቱ አንድ ሰው ፒክአፕ ይዞ መጥቶ ዋጋ እንኳ ሳይከራከር ጭኖት ሄደ። ይኸው ነው። ሰውየው ለምን እንደዚያ እንደቸኮለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወሬው ግን ተሰማ፤ እኔም "ዕቃ መሸጥ የሚችል" ተባልኩ።

አንድ ማክሰኞ፣ ፋርመርስ ብራንች በምሠራበት ዌርሃውስ የምሳ ብሬክ ላይ ሆኜ ሳንድዊቼን ስገምጥ ጋሼ መኩሪያ ደወሉ።

"ሶፋ የሸጥከው አንተ ነህ አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሳንቲም መሸጥስ ትችላለህ?"

ሳንቲም የሚሸጥ ነገር መሆኑን ያን ዕለት ነው የሰማሁት። እስከዚያ ድረስ ሳንቲም ለእኔ ሌላ ነገር የሚገዙበት እንጂ ራሱ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ቢሆንም ሹመት አይመለስምና "እንሞክራለን" አልኩ።

ጋሼ መኩሪያን ላስተዋውቃችሁ። መሐል ከተማ በሚገኝ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው አሥራ ስምንት ዓመት ሒሳብ የተቀበሉ ሰው ናቸው። በኋላ መስታወት ቤቱ ተነሥቶ ካርድ የሚውጥ ማሽን ሲተከል እሳቸውም ጡረታ ወጡ። በእነዚያ ዓመታት በእጃቸው ያለፈውን ሳንቲም ሁሉ አይተውታል። "አዩ" ስል እናንተና እኔ እንደምናየው አይደለም። ኳርተር፣ ማለትም ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሲሰጣቸው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ገልበጥ ያደርጋሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ድረስ የተሠራው ከብር ስለሆነ ጠርዙ ነጭ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን መሐሉ ላይ የመዳብ መሥመር አለው። ነጭ ካገኙ ከኪሳቸው ሌላ ኳርተር አውጥተው ካዝናው ውስጥ ይጥሉና ያንን ያስቀራሉ። አንድ ለአንድ። አለቃቸውም ያውቅ ነበር፤ እንደ ሞኝነት ቆጥሮ ዝም አላቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ሆነ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የለቀሙትን ለምን ይሸጡታል? ጥያቄዬ ይኸው ነበር። ሮውሌት ድረስ ሄጄ፣ ከልጃቸው ከቤዛ ጋር በሚኖሩበት ቤት፣ ካርቶኑን መሐላችን አድርገን ነገሩኝ። ቤዛ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ፋርማሲ ትሠራለች፤ ጥሩ ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ መኪናዋን ካር ዋሽ ስትወስድ አቧራ ለሚስበው ቫኪዩም ዝርዝር ሳንቲም አጣች። መደርደሪያው ላይ አባቷ ገና ያልደረደሯቸው ስድስት ኳርተሮች በላስቲክ ኩባያ ተቀምጠዋል። አነሣቻቸውና ሄደች። ስድስቱም ማሽኑ ውስጥ ገቡ። መኪናዋ ጸዳች።

"ተቆጧት?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ? አላወቀች። ያስፈራኝም እሱ ነው።" ካርቶኑን በመዳፋቸው ጫን አሉት። "እኔ አንድ ቀን ዞር ስል፣ ይሄ ሁሉ በቫኪዩም ነው የሚያልቀው። በደህና ጊዜ ለሚያውቅበት ሰው ልስጠው።"

እኔም የማላውቅበት ሰው ሆኜ ሥራውን ጀመርኩ።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው ወርቅና ብር እንገዛለን የሚል ሱቅ ነው። ምርጫው በምርምር የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ መንገዴ ላይ ስለነበር ነው። ከሰዓት በኋላ ሺፍት ነበረኝ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሼ ልገላገል አስቤያለሁ። ባንኮኒው ኋላ ያለው ወጣት ጨዋ ነው፤ ሰላም አለን፣ ካርቶኑን ተቀበለና ብሩን ሁሉ ሚዛን ላይ ዘረገፈው። ጋሼ መኩሪያ ከድምፁ የተነሣ ትከሻቸው ወደ ላይ ሄደ። ልጁ የሚዛኑን ቁጥር አየ፣ ካልኩሌተር ነካካ፣ ዋጋ ነገረን። ከጠበቅሁት በላይ ስለነበር ፊቴ ሳያስፈቅደኝ ፈገግ አለ። ጋሼ ግን ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶናቸው መመለስ ጀመሩ። አንድ በአንድ ነው የምላችሁ። ልጁም እኔም ቆመን ጠበቅናቸው።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶ ሳናስር ተጀመረ።

"ጋሼ፣ ዋጋው እኮ መጥፎ አልነበረም።"

"አላየውም።"

"መዘነው እኮ!"

"የሚመዘን ሽንኩርት ነው።"

"እሺ፣ እኔ ሥራ አለብኝ፤ ነገ ከነገ ወዲያ እየተመላለስን..."

"ሂዳ ወደ ሥራህ! ማን ያዘህ?" አሉኝ፣ የተቀመጡት እኔ መኪና ውስጥ መሆኑን ረስተው።

ሮውሌት አደረስኳቸው። ሲወርዱ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፈው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ፣ የተቀየመ ሽማግሌ በሚላት አጭር አነጋገር። ያን ቀን ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ስደረድር ነገሩ ከነከነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት የፈጀን ነገር በአንድ ሰዓት ላስጨርሳቸው የሞከርኩት ለእሳቸው ብዬ ሳይሆን ለሺፍቴ ብዬ ነው። በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። "ለምኑ?" አሉኝ። ይህም የሽማግሌ ይቅርታ አሰጣጥ ነው።

ከዚያ ወደማውቀው፣ ወደ ሶፋ መንገድ ተመለስኩ። ጥቂቶቹን ፎቶ አንሥቼ ለጠፍኩ። ሳንቲም እንደ ሶፋ አይደለም። ሶፋ ፈላጊ ሶፋ ነው የሚፈልገው። ሳንቲም ፈላጊ ግን "አለ?" ብሎ ጽፎ "አለ" ስትሉት ይጠፋል። አንዱ በሣር ማጨጃ ልለውጥህ አለኝ። አንዱ ደግሞ ከጠየቅነው ዋጋ የሚበልጥ ቼክ ልኮ ትርፉን እንድመልስለት ፈለገ፤ የዚህን ዓይነቱን ቸርነት እንኳ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ሌላው ቤት መጥቶ ሁሉንም ካላየሁ ሲል ቤዛ ሰማች። "ዳዲ፣ ኖ! የማናውቀው ሰው ቤታችን አይመጣም" አለች፤ ማስታወቂያውን እዚያው አጠፋሁት።

ለአንድ ጨረታ ቤትም ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት ትሕትናዋ አይጣል ነው። ሳንቲሞቹ በባለሙያ ተመርምረው ደረጃ ወጥቶላቸው በፕላስቲክ ታሽገዋል ወይ አለችኝ። በጫማ ካርቶን ነው ያሉት አልኳት። እንግዲያው ለእያንዳንዱ ማስመርመሪያ የምትከፍሉት ከራሱ ከሳንቲሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል ብላ በቅንነት መከረችኝና ስልኩን ዘጋች።

በመጨረሻ መላውን ያገኙት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። የሰፈራቸው ቤተ መጻሕፍት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ቅዳሜ ፎርት ዎርዝ ውስጥ የሳንቲም ነጋዴዎች ገበያ እንዳለ አንብበው መጡ። ቤዛም ከሥራ አስፈቅዳ "እኔም እመጣለሁ" አለች። ሦስታችን በእኔ መኪና ሠላሳ ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዘን ሄድን። ቤዛ ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች፤ ካር ዋሽ የከተተቻቸው ኳርተሮች ምን እንደነበሩ ካወቀች ወዲህ ስለ ሳንቲም በተነሣ ቁጥር ዓይኗን ታሸሻለች።

አዳራሹ በጠረጴዛ የተሞላ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ ኋላ መብራትና ማጉያ መነጽር የያዘ ሰው አለ። ዞር ዞር ስንል አንዲት ጠጉሯ የነጣ ሴትዮ ካርቶኑን አየችና ለጋሼ ወንበር ሳበችላቸው። እኔ ቆምኩ። ከዚያ አንዱን አነሣች፣ አየች፣ አስቀመጠች። ሌላውን አነሣች። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው እጇን ይከተላሉ። አንድ ሰዓት አለፈ። ቀና ሳትል "ማነው የመረጣቸው?" አለች። "እኔ" አሉ። "ጥሩ ዓይን አለህ" አለቻቸው። ጋሼ መኩሪያ ኮታቸውን አስተካከሉ። ኮት የለበሱት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስትጨርስ ነገሩን ሳታሽሞነሙን ነገረችን፦ አብዛኛው የሚያወጣው የብሩን ዋጋ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ነው የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ዘጠኙ ግን ከብራቸው በላይ ያወጣሉ፤ እነዚህን ሚዛን ላይ የሚደፋ ሰው ያከስራችሁ ነበር። ዘጠኙን ራሳችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ ብትሸጡ የተሻለ ታገኛላችሁ፣ ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ፣ የምገዛው ከምሸጥበት አሳንሼ ነው። ዋጋዬ ይኸው፤ ሌሎች ጠረጴዛዎች ጠይቁና ተመለሱ። ሁለት ጠረጴዛ ጠየቅን። ተመለስን።

አሁን እናንተም የምትጠብቁትን ልንገራችሁ፦ የሷ ዋጋ ከሚዛኑ ሱቅ የበለጠው በሁለት መቶ አሥር ዶላር ነው። ቤንዚኑን፣ የቀረሁበትን ሺፍት፣ የሦስት ሳምንት ምልልሱን በሆዴ ደመርኩና ተውኩት። ጋሼን አየሁ። ፊታቸው ላይ የከሰረ ሰው አይታይም። "ዕድል ላንቺ" አሏት በአማርኛ፤ ሴትዮዋም የገባት ይመስል አንገቷን ነቀነቀች። ሳንቲሞቹን በፕላስቲክ የሳንቲም ቱቦዎች ከተተች። ጋሼ የመጨረሻው ሲገባ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ፤ የት እንደሚያስቀምጡት ግን ለጊዜው አልታወቃቸውም።

ይኼኔ ነው ቤዛ የለችም ያልነው። ለካ ከጠፋች ቆይታለች። ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ በሰው መሐል እየተሹለከለከች መጣች፣ ትንሽ ላስቲክ ከፍ አድርጋ።

"ዳዲ፣ ዌይት! ገና አትሽጥ!"

ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ስድስት ኳርተር ነው። ስድስቱም ነጭ ጠርዝ።

"ሶ... እነዛን እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች። "ጎዶሎ ከሆነ በርካሽ ነው የሚገዙህ ብዬ... ማለቴ፣ ሙሉ ሆኖ እንድትሸጠው ነው።"

ጋሼ ላስቲኩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ባዶ ካርቶናቸውን አዩ። ከሁሉ በፊት የጠየቁት ግን "ስንት ከፈልሽ?" የሚል ነበር።

ነገረቻቸው። አባትየው ከደቂቃዎች በፊት እንደዚያው ያለውን ኳርተር ከሸጡበት ዋጋ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ሴትዮዋ አማርኛ ባትሰማም ቁጥሩ ገብቷታል፤ ዓይኗን ወደ ቱቦዎቿ ሰበረች። ከዚያ ለማጽናናት ይመስላል፣ ከፈለጋችሁ እነዚህንም በሌሎቹ ዋጋ እገዛችኋለሁ አለች።

"ኖ!" አሉ ጋሼ። የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ዞር አሉ።

ወደ ልጃቸው ተመልሰው "ተበልተሻል" አሏት።

"ማን በላኝ?"

"በውድ ገዝተሻል ማለታቸው ነው" ብዬ ተረጎምኩ።

"አይ ኖው" አለች ቤዛ ዓይኗን በእጇ ጠርጋ። "ኢትስ ኦኬ።"

ጋሼ መኩሪያ ስድስቱን ከላስቲኩ እያወጡ፣ ጠርዛቸውን በአውራ ጣታቸው ገልበጥ እያደረጉ፣ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና ቆለፉት። ከዚያ ክንዷን ያዙ።

"የትኛው ጠረጴዛ ነው የሸጠልሽ?"

"እንመልሳቸው?"

"ምን ሲደረግ? ሌላ ምን እንዳለው ልየው እንጂ።"

ወደ እኔ ዞረው "አንተ ሂድና መኪናዋን አቀዝቅዝልን፤ አምስት ደቂቃ" አሉኝ። ኤሲውን ከፍቼ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅኋቸው።