እኩል ገመድ፣ እኩል ሳር

ዝም ያለ ሰው ስታዩ ምን የሚያስብ ይመስላችኋል? እኔ ልንገራችሁ፤ ዝምተኛ ነኝና አውቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያስብም። በጎቹ ገቡ ወይ፣ ያ ደመና ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ፣ ጉልበቴን ደግሞ ምን ነካው፣ በቃ ይኸው ነው። ሰው ግን ይህን አያምንም። በእኛ በመንዝ ብርዱ አፍ ያስይዛል። በርኖሱን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ዝም ያለ ሁሉ አዋቂ ይመስላል። እኔም ይህን ስም ያገኘሁት እንዲሁ በነጻ ነው። «ተክሌ አይናገርም እንጂ ከተናገረ…» ይላሉ። ከተናገረ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ተናግሬ አላውቅማ!

ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ሐሰት ነው። እኔ የተሾምኩት ባለመናገሬ ነው።

ሹመቴ ትልቅ አይደለም። የጓሳ ሳር ገመድ ጣይ ነኝ። ጓሳ የምንለው ከላይ ያለው ደጋ ነው። ቤታችንን የምንከድንበት ሳር እዚያ ይበቅላል። ዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ማጭድ ይዞ የተገኘ ይቀጣል። ሲከፈት እያንዳንዱ መንደር በየፊናው ይወጣና የደረሰውን መሬት ለቤቶቹ ያካፍላል። በእኛ መንደር የሚያካፍለው ገመድ ጣዩ ነው። አንድ ረጅም ገመድ አለችን። ችካል ትተክላለህ፣ ገመዷን ዙሪያውን ታዞራለህ፣ ጫፍና ጫፏ ሲገናኝ የአንድ ቤት ድርሻ ሆነ። ቀጥሎ የጎረቤቱ፣ ቀጥሎ የሌላው። ለሁሉም ያችው ገመድ ናት። ማን ቅር ይለዋል? ገመድ ጣዩ የራሱን የሚወስደው መጨረሻ ላይ ነው፤ የተረፈውን፣ ያውም በዚያችው ገመድ ለክቶ። አድልቶ እንደሆነ በራሱ ይድረስ ብለው አባቶች ያበጁት ዘዴ ነው።

እኔ ታዲያ ሁልጊዜ ከወንዙ ዳር ካለው ቀጭን መሬት እጀምርና ወደ መሀል ሜዳው እሄዳለሁ። መጨረሻ ላይ ለእኔ የሚተርፈው መሀል ሜዳው ነው። ሳሬም ከሰው ሁሉ ይበዛል። ለምን እንደሚበዛ ጠይቄ አላውቅም። «ታጋሽን እግዜር ይክሰዋል» ሲሉኝ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ። እግዜርን ሰበብ አድርጌ ስንት ሸክም ሳር ወሰድኩ መሰላችሁ!

ባለፈው ጊዜ ጓሳው ሲከፈት የወንዙ ዳር ለእትዬ አስካለ ደረሰ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። የደረሳቸው እንደ መቀነት ረጅምና ቀጭን ነበር። ዳር እዳሩን ሄደው ተመለሱና፣ «ተክሌ፣ ይኼ እኮ ዳር ብቻ ነው፤ መሀል የለውም» አሉኝ። እኔ ምን አልኩ? ዝም። ሰዉም ዝምታዬን ተረጎመው፤ «ገመዱ እኩል አይደለም ወይ እትዬ? ተክሌ እንኳ መልስ አልሰጠም» አላቸው። ሳራቸው ጣሪያቸውን አልሞላም። ግማሹን ላስቲክ አለበሱት። ክረምት በመጣ ቁጥር ላስቲኩ ሲያፈስ ቁርበታቸውን ከጥግ ወደ ጥግ እየጎተቱ ከረሙ። እኔ ደግሞ በደረቅ ቤቴ ተኝቼ አዋቂ ነበርኩ።

እንዲህ ነበር የምንኖረው። ልጄ መሠረት ስድስተኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ።

ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰበሰበ። መምህሩ፣ «ልጆቻችሁ መደመርና መቀነሱን አያጡትም፤ የሚጥላቸው ቃሉ ነው። ልዩነቱን ፈልጉ ሲባሉ ደምረው ይመጣሉ» አለን። ስለዚህ የሒሳብ ቃላት የተጻፈበት ወረቀት ለየልጁ ተሰጠ። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ወላጅ ቃሉን እየጠራ ይጠይቃል፣ ልጅ ይመልሳል፣ ወላጅ ይፈርማል። ፊርማ ሲባል ደስ አለኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ያተረፍኩት ፊርማዬን ነው። በጣም ያምራል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ጀመርን። ባለቤቴ እዚያው አጠገባችን የደረቀ ኩበት ትከምራለች። ወረቀቱን ሳነብ ሳቄ መጣ። መሳቅ ግን አልወድም፤ ዋጥኩት። ተካፋይ፣ አካፋይ፣ ድርሻ፣ ቀሪ። ይኼ ሒሳብ ነው እንዴ? ይኼ እኮ ቅርጫ ነው! በሬ ጥለን ስጋ ስንመድብ የምንለው ነው። የክፍልፋይ የላይኛው ቁጥር ላዕል፣ የታችኛው ታህት። ይህንንስ ቢሆን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ያደግሁ ሰው ላዕልን እንዴት አጣዋለሁ? «ይኼን ሁሉ እኔ አውቀዋለሁ» ብዬ በልቤ ኮራሁ። ሰው ከመውደቁ በፊት እንዲህ ነው።

«ዙሪያ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የአንድ ምስል ጎኖች ሁሉ ርዝመት ሲደመር።»

«ስፋትስ?»

«ጎኖቹ ያጠሩት፣ በውስጥ ያለው ሜዳ ምን ያህል እንደሆነ።»

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ተናገርኩ። «ያው ነው፤ አንዱን ሰርዢው» አልኩ። «ዙሪያው እኩል ከሆነ ስፋቱም እኩል ነው። እኔ ገመድ ጣይ ነኝ፤ መምህሩ ከየት አመጣው?»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «አይደለም አባዬ» አለች።

አይደለም! በዚህ ቤት ይህ ቃል ለእኔ ተብሎ አያውቅም። ባለቤቴ እንኳ ኩበቷን ይዛ ቆመች። መሠረት ግን ምንም ሳይመስላት ተነሥታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ኩበት ርዝመት ያላቸው አሥራ ሁለት ጭራሮዎች ሰበረች። መሬት ላይ ሦስት ሦስቱን በየጎኑ ደርድራ አራት ማዕዘን ሠራች። «አሁን ይዩ» ብላ ውስጡን በኩበት ሞላችው። ዘጠኝ ኩበት ገባ። ከዚያ እነዚያኑ አሥራ ሁለት ጭራሮዎች አነሣችና አምስቱን በአንድ ጎን፣ አምስቱን በሌላው ጎን፣ አንድ አንዱን በጫፍና በጫፍ አደረገች። ቀጭን ሆነ። ኩበቱን ሞላችው። አምስት ገባና ጠገበ። አራቱ ደጅ ቀሩ።

«ጭራሮው ያው አሥራ ሁለት ነው አባዬ። ቢፈልጉ ይቁጠሩት።»

ቆጠርኩት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። አንዱን ጭራሮ ሰርቃ እንደሆነ ብዬ እጇንም አየሁ። አልሰረቀችም። የሰረቅሁስ እኔ! እነዚያ ደጅ የቀሩት አራት ኩበቶች ትክ ብለው የሚያዩኝ መሰለኝ። የእትዬ አስካለ ጣሪያ ነበሩ።

«ረቡዕ ጓሳው ይከፈታል። ለሰዎቹ ይነግሯቸዋል?» አለችኝ ልጄ።

መንደሩን ሁሉ የሚያሳምነው ዝምታዬ እሷን አላሳመናትም፤ መልሱን እየጠበቀች ቆመች። ፈርሜላት ተነሣሁ።

ችግሩ ይገባችኋል? ብናገር ስሜ ያልቃል፤ ይህን ሁሉ ዘመን አዋቂ የተባለው ሰው የስድስተኛ ክፍል ቃል አያውቅም ይባላል። ባልናገር የወንዙ ዳር ዳግመኛ ለአንዱ ምስኪን ይደርሳል። እትዬ አስካለ ደግሞ ሌላ ዘመን በላስቲክ ሥር ሊኖሩ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በእውነት አሰብኩ። አልዋሽም፣ ማሰብ አድካሚ ነው። ዝምተኞች ሁልጊዜ እንዲህ የምናደርግ መስሏችሁ የምታከብሩን ከሆነ አመሰግናለሁ።

ረቡዕ ሰዉ ማጭዱንና ጭነት ፈረሱን ይዞ ወጣ። ገመዷን ይዤ መሀል ቆምኩና፣ «ሰዎች፣ ስሕተት አለ» አልኩ።

ጋሽ ዘነበ፣ የመንደራችን አንጋፋ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ተክሌ ሊናገር ነው! ተናገርኩ። ገመዱ ዙሪያውን እንጂ ስፋቱን አይለካም አልኩ። ቀጭን መሬት የሚደርሰው ሰው ገመድ ሊጨመርለት ይገባል አልኩ። ዘጠኝ ኩበት አልኩ፣ አምስት ኩበት አልኩ። አንደበቴ ያልለመደው ሥራ ሆኖበት እንደ ሰነፍ በሬ ፈሩን እየሳተ ይሄዳል። ባብራራሁ ቁጥር የሰዉ ፊት እየተጨማደደ መጣ።

«ተክሌ፣ አሞሃል?» አሉ ጋሽ ዘነበ። «ገመድ እኩል ከሆነ ሳር እኩል ነው። አሁን ለአንዱ ረጅም፣ ለአንዱ አጭር ገመድ ልትጥል ነው? በስተርጅና አድልዎ ጀመርክ?»

«አድልዎ አይደለም ጋሼ…»

«ማነው ይህን የነገረህ?»

ሰው ዝምታን ሲተው በአንዴ ነው የሚተወው። «ልጄ» አልኩ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!» አሉ። ሰዉ ሳቀ። አንዱ ከኋላ፣ «በኩበት ነው ያስተማረችው!» አለና ፈረሶቹ እስኪደነግጡ ሳቁ። አያችሁ? ሳልናገር ስሳሳት አመኑኝ። ተናግሬ እውነቱን ባገኝ አሞሃል አሉኝ።

ዝም ብዬ ገመዷን ጠቀለልኩ። ዝም ስል ደግሞ ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ፤ የድሮው ተክሌ የተመለሰ መሰላቸው። ያኔ አጭር ነገር ብቻ ተናገርኩ። «ገመዱ እኩል ይሁን። ነገር ግን እትዬ አስካለ ይቅደሙ። ችካሉንም ራሳቸው ይትከሉ፤ ሌላውም እንደዚያው።»

«ምን ከፋ?» አሉ ጋሽ ዘነበ። «በፈለጉት ይትከሉ፤ ገመዱ እንደሆነ ያው ነው።»

እትዬ አስካለ ወደ ወንዙ ዳር ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ቀጥ ብለው መሀል ሜዳው ላይ፣ እኔ «እግዜር የሚክሰኝ» ቦታ ላይ፣ ችካላቸውን ተከሉ። «ያዝልኝ እስቲ። ሳብ አድርገው። ወዲህ… ወዲህ አምጣው» እያሉ አራቱን ጎን እኩል አወጡት። ቀጤ ማዕዘን የሚለውን ቃል አያውቁትም፤ እጃቸው ግን ያውቀዋል። ጎንበስ ስል በጆሮዬ፣ «ያን ጊዜ መሀል የለውም ብዬህ አልነበር?» አሉኝ።

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አልገባኝም ነበር እትዬ።»

ቆም ብለው አዩኝ። «እኔ ደግሞ ገብቶህ መስሎኝ» አሉ። «ይህን ሁሉ ክረምት ጥፋቱን ከራሴ ስፈልግ ነበር፤ አስተጫጨዴ ይሆን፣ አከዳደኔ ይሆን እያልኩ።»

ከሰዉ ሳቅ ሁሉ ይልቅ ያች ቃል ናት የወጋችኝ።

የቀረው ሰው የእሳቸውን አየ። ዓይን ሞኝ አይደለም። ዙሪያና ስፋት ሲባል የሳቀው ሁሉ ተራው ሲደርስ ችካሉን ሰፋ ሰፋ እያደረገ ተከለ። የጋሽ ዘነበማ በመሠረት ኩበት የተለካ ይመስል ነበር፤ ወለም የማይል አራት ማዕዘን። «እንዲያው እጄ እንዳመጣልኝ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ሁሉም ወሰደና የገመድ ጣዩ ተራ ደረሰ። ምን ተረፈ? የወንዙ ዳር። ገመዷን ይዤ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ሄድኩ፤ በዚያች ቀጭን መሬት ላይ ወዲያ ማዶ ደርሼ በሌላው ጠርዝ ተመለስኩ። ጫፍና ጫፏ ተገናኘ።

«ሞላ!» አሉ ጋሽ ዘነበ በደስታ። «ይኸው እኩል ነው!»

ምን ልበል? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር የእትዬ አስካለ ቤት እንደ ሙሽራ ተከድኖ አምሮ ነበር። የእኔ ሳር ግማሽ ጣሪያ ላይ አለቀ። እትዬ ደግ ሰው ናቸው፤ አውልቀው ያስቀመጡትን ላስቲክ አመጡልኝ። «የት ጋ እንደሚያፈስ አውቀዋለሁ፤ ላሳይህ» ብለው ቀዳዳውን በጣታቸው እያመለከቱ አስረከቡኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በእሑዱ ግን የንስሐ አባታችን መምሬ ወልዴ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ጠባቡ መንገድ ሰበኩ። ሰበኩ፣ ሰበኩና፣ «በመካከላችን» አሉ፣ «ለድኻይቱ ሲል ሰፊውን ትቶ ጠባቡን የመረጠ ሰው አለ። ይኸው ዝናብ ሲወርድበት ቤቱን በላስቲክ ሸፍኖ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም።» ስሜን አለመጥራታቸው ምን ይጠቅማል? ምእመኑ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋሽ ዘነበ እንባቸውን ጠረጉ።

አልመረጥኩም እኮ! ተርፎኝ ነው። መሀሉን ለእትዬ መልቀቄ እውነት ነው፤ ወንዙ ዳር ለእኔ ይድረስ ብዬ ግን አልነበረም። ከልቤ፣ ለሌላ ሰው ይደርሳል ብዬ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ። በቅርቡ ሰው ፊት እውነት ስናገር ምን እንደገጠመኝ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። «ትሕትናውን አያችሁ?» አለ አንዱ ከጎኔ።

ወደ ሴቶቹ በኩል ሰረቅ አድርጌ ሳይ ልጄ እናቷ አጠገብ ቆማለች። እውነቱን ከእነጭራሮው የምታውቅ እሷ ናት። ፊቷ ቀልቷል፤ ግን ቃል አልወጣትም።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አንቺ፣ አይደለም ማለት ትወጂ አልነበር? ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ልናገር ነበር አባዬ» አለች ክንዷን እያሸች። «እማዬ ቆነጠጠችኝ።»

ባለቤቴን አየኋት። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ጣሪያ ቢጎድል በላስቲክም ይሞላል» አለች። «የአንተ ስም ሲቀደድ በምን ልሸፍነው?»

እኔ መንገዴን ቀጠልኩ። እሷም ሌላ አልጨመረችም። ልጃችንም ክንዷን ይዛ ዝም አለች። ከፊታችን የሚመጡ መንገደኞች ሦስታችን አንገታችንን ደፍተን ስናልፍ ቆም ብለው አዩን። እንዴት ያለ አስተዋይ ቤተ ሰብ ነው ሳይሉ አልቀሩም።