የጸደቀው ቀይ ክብ

ለሠራተኛው ደኅንነት እንቅልፍ የማያውቀው መሥሪያ ቤታችን፣ በትንሿ አየር ማረፊያችን የፕሮፔለርን አደጋ እስከ ወዲያኛው ያስወገደው በአንድ ባልዲ ቀለም ነው።

የሚዞር ፕሮፔለር ለዓይን አይታይም። የማይታይ ነገር ደግሞ ለመሥሪያ ቤት ክብር አይመጥንም። ስለዚህ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ሦስት ሳምንት መክሮ፣ በአንዲቷ አውሮፕላናችን አፍንጫ ዙሪያ መሬቱ ላይ ቀይ ክብ አስቀባ። «ይህን መስመር ማቋረጥ ከሥራ ያሰናብታል» የሚል ማስታወቂያም ተለጠፈ። ሥራ አስኪያጁ ሪባን ቆረጡ፤ ቀዝቀዝ ብለው ያጨበጨቡ ሁለት ሠራተኞች ስማቸው ተመዘገበ።

በማግስቱ አውሮፕላኗ በረረች። ስትመለስ ክቡ ውስጥ የዝናብ ውኃ ስላቆረ፣ ሃያ እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። ከዚያ ወዲያ መቆሚያዋ እዚያው ሆነ።

መካኒኳ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ ክቡ እዚያ፣ ፕሮፔለሩ እዚህ ሆኗል።»

«ክቡ ጸድቋል። የአውሮፕላኗ አቋቋም ጸድቋል?»

«ሰው የሚቆራርጠው እኮ ፕሮፔለሩ ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ የጸደቀ ነገር እንደ ጋሪ ይገፋል እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ሥርዓታችን የሚያስቀና ሆነ። ባዶውን ክብ እንደ ገደል አፋፍ እየሸሸን፣ ሆዳችንን ሰብስበን በዙሪያው እናልፋለን። ዞረን ብቅ የምንለው ፕሮፔለሩ ሥር ነው። ጸሐፊዋማ አንድ ቀን ተደግፋው የጫማዋን ክር አሰረች።

«ተነሺ! የቆመም ቢሆን አይታመንም፤ ሞተሩ ድንገት ሊነሳ ይችላል!» ብላ መካኒኳ ጮኸች።

«ምን ሆነሻል? መስመር ረገጥኩ?»

ከዚያ የበላይ እንግዶች ለጉብኝት መጡ። አብራሪው ሞተሩን አስነስቶ ያሞቃል። ሥራ አስኪያጁ ንግግራቸውን እያነበቡ፣ ፊታቸውን ለእንግዶቹ እንደሰጡ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ቀዩን ክብ በምሳሌነት ዞሩ። «ደኅንነት ማለት» ሲሉ ከጀርባቸው እስከ ፕሮፔለሩ የቀረው ሁለት እርምጃ ነበር። መካኒኳ አየች፤ ክቡን መሐል ለመሐል፣ ውኃውን እያንቦራጨቀች ሰንጥቃ ሄደችና ኮታቸውን ጨምድዳ ጎተተች። ሁለቱም ጭቃ ላይ ተዘረሩ። የንግግሩ ወረቀት ብቻ ወደ ፕሮፔለሩ ገሠገሠ፤ ተቆራርጦም በእንግዶቹ ራስ ላይ በሠርግ እንደሚበተን ወረቀት በነነ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ሆነ።

ከሰዓት ኮሚቴው ተሰየመ።

«መስመሩን አቋርጠሻል?»

«አዎ። ጌታዬ ሊሞቱ ነበር።»

«እሱን አልጠየቅንሽም። በዙሪያው መሄድ አትችዪም ነበር?»

«እችል ነበር። እስክደርስ ግን ሥራ አስኪያጃችን ሁለት ይሆኑ ነበር።»

ሰብሳቢው መዝገብ አገላበጡ። «መዋቅሩ የሚፈቅደው አንድ ብቻ ነው» አሉ በሐዘን።

ቢሆንም ሕግ ሕግ ነውና የስንብቱ ደብዳቤ ተተየበ። ሥራ አስኪያጁ፣ ጆሯቸው ውስጥ ጭቃ እንዳለ፣ ሊፈርሙ ብዕራቸውን አነሡ።

አብራሪው ከበሩ ላይ ሆኖ «እህቴ፣ እንዲያው ብትቆዪና ነገ ይሄው ነገር ቢደገምስ?» አላት።

«ተምሬያለሁ ወንድሜ። ቀስ ብዬ፣ በዙሪያው።»

ብዕሩ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ሳል አሉ። ደብዳቤው ተቀደደ፤ በምትኩም አዲስ መመሪያ ተጻፈ፦ «የሥራ አስኪያጁን ሕይወት ለማትረፍ ሲሆን ብቻ፣ መስመሩን ማቋረጥ ይፈቀዳል።»

በአንድ ድምፅ አጸደቅነው። እኛን ሌሎቻችንን ለማዳን የሚመጣ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ ዞሮ ይምጣ።