በረሮና የዝውውር ካርቶን

በረሮ ሲባል ቶሎ የሚመጣባችሁ ቆሻሻ ቤት ነው አይደል? እኔም እንዲያ ነበር የማስበው። እንዲያውም ነገሌ ቦረና ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ይህንኑ የማስተምረው እኔ ነኝ። የጤና ጣቢያ የንጽሕና ባለሙያ ነኛ! "ፍርፋሪ አታሳድሩ፣ ሰሐን ታጥቦ ይደር" እላለሁ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ። የራሴ ቤት በረሮ ግን ከሥራ ስመለስ በር ላይ ሊቀበለኝ ምንም አይቀረው።

ባለቤቴ አስተማሪ ናት፣ የቡሌ ሆራ ልጅ። አንድ ጠዋት በረሮ ከስኳር ዕቃው ብቅ ሲል ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችና፣ ከእንግዲህ አንድ ብታይ እናቷ ቤት እንደምትገባ ነገረችኝ። አልጮኸችም። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ከዚያማ ምን ያላደረግኩት አለ? ፍሊት ነፋሁ። ከሞያሌ የበረሮ ጠመኔ አስመጥቼ ወለሉን በመስመር ሞላሁት። እስኪያስለኝ ድረስ በበረኪና አጠብኩ። በረሮዎቹ ንጹሕ ወለል ላይ መሮጥ ሳይወዱ አልቀሩም።

ከብት ሲከተሉ ኖረው በስተርጅና ከተማ የገቡት ባልቴቷ ጎረቤታችን አዴ ሎኮ ሳሌን ሰምተው መጡ። "አካም?" አሉኝ። "ናጋ" አልኩ፣ ደኅና ነኝ ብዬ፣ ውሸቴን። ወለሉን እንኳ ሳያዩልኝ ቀጥ ብለው ጓዳ ገቡና፣ እስከ ጣሪያ የተከመረውን ካርቶን በዱላቸው ነካ አደረጉት። በረሮው ፈሰሰ።

"ኢልማ ኮ፣ ይሄ ምንድነው ልጄ?"

"የዕቃ ማሸጊያ ነው፣ አዴ። ወደ አገሬ ወደ ጎጃም ዝውውር ጠይቄያለሁ።"

"መቼ ጠየቅክ?"

"አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።"

ሳቁብኝ። "እኛ ዝናብ ተከትለን የምንሄደው እንኳ ቤታችንን አንድ ግመል ላይ ነው የምንጭነው። አንተ ቁጭ ብለህ ይሄን ሁሉ?"

በረሮ ከምግብ ሌላ መደበቂያ እንደሚፈልግ የተማርኩበት መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉም ካርቶን ውስጥ ነበር።

ካርቶኑን ሁሉ ግቢ አውጥቼ፣ ዕቃውን እያራገፍኩ አቃጠልኩ። ከታችኛው ካርቶን የሠርጋችን ሰሐኖች ወጡ፣ አንድም ቀን ያልተበላባቸው። ባለቤቴ አንዱን አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው።

"በረሮ ፈርቼ መሰለህ?" አለችኝ። "ከተጋባን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ሊሄድ ከተነሣ ሰው ጋር መኖር ነው የሰለቸኝ።"

አፈርኩ። ስንቱን ቤት ስመረምር የራሴን አለማየቴ!

አሁን በረሮው ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። ትናንት አንዱ ጠረጴዛው ሥር አለፈ። ባለቤቴ አየችው። እኔም እንዳየችው አየሁ። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አንድ ጊዜ መታችውና የተማሪዎቿን ደብተር ማረሟን ቀጠለች።